ሸሪፍ የገደለ ሦስት ነጥብ ያገኛል

ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ግን ይኸው ጸጉሬ ሸብቶም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ መምህርት ነበርኩ። እንጀራዬ ማስተማር ሲሆን ሱሴ የካቦይ ጨዋታ ሕጎችን መሰብሰብ ነበር። ለማያውቀው ሰው ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ተራኪ ሆኖ በረሃውን፣ ከተማውንና መጠጥ ቤቱን በአፉ ይፈጥራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ካቦይ ይሆኑና «ከፈረሴ ወረድኩ»፣ «ሽጉጤን መዘዝኩ» ይላሉ። ይሳካላቸው እንደሆነ የሚወስነው ዳይስ ነው። ምንጩ አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ የተወው መጽሐፍ ነው ይባል ነበር፤ መጽሐፉን በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው ግን አላገኘሁም። ሁሉም ከሰው የሰማውን ይዞ፣ የጎደለውን ሲኒማ ቤት ባየው እየሞላ ይጫወት ነበር። ስለዚህ ሕጉ በየሰፈሩ ሌላ ሆነ። እኔም ለፈተና ቁጥጥር ሆነ ለዘመድ ጥየቃ በሄድኩበት ሁሉ የአካባቢውን ሕግ እየጠየቅሁ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ከጎኑ ደግሞ የትኛው ከየትኛው እንደሚሻል አሰፍራለሁ። ወንጀሌ ይኸው ነው።

የጅማው የጊንጆ ሰፈር ልጆች ችኩሎች ነበሩ። ስድስት ያወጣ ይተኩሳል፣ ሸሪፉን፣ ማለትም የካቦዮቹን ከተማ ፖሊስ፣ የገደለ ሦስት ነጥብ ያገኛል፣ አለቀ። ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው የሰቃ ከተማ ሰዎች ዳይስ ስላልነበራቸው ስድስት ፍሬ ቡና ይጥሉና ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ላይ የሆነውን ይቆጥራሉ። የእነሱ ካቦይ ከብት አይነዳም፤ ቡና የጫነ በቅሎ ነው የሚነዳው። ሁለት ካቦዮች ከመታኮሳቸው በፊትም ሽማግሌ መላክ ግዴታ ነው።

የአጋሮ ከተማው ግን የብቻው ነው። እዚያ የሚጫወቱት ሙስሊም ነጋዴዎች «ሸሪፍ» የሚለውን ቃል የሰሙት የነቢዩን ዘር ማለት ነው ብለው ነው። «በሸሪፍ ላይ እንዴት ይተኮሳል? አስታግፊሩላህ!» አሉኝ አንድ የጨርቅ ነጋዴ። በእነሱ ሕግ ሸሪፉ ሲመጣ ዘራፊውም ቢሆን ከፈረሱ ይወርዳል። መጀመሪያ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ በቀይ እስክሪብቶ «ስህተት» ብዬ ጻፍኩበት። አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ስጫወት ግን ነገሩ ገባኝ። መግደል ስለማይቻል ሸሪፉን በንግግር ማሳመን ያስፈልጋል፤ ባንክ የዘረፈው ካቦይ ቃላት ፍለጋ ሲያልበው ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። «ስህተት» የሚለውን ሰርዤ «ከሁሉም ይበልጣል» አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰቃ ስመለስ ኬላ ላይ ተፈተሽን። ያኔ ያለ ፈቃድ ቡና ማዘዋወር ክልክል ነው። የሰቃ ተጫዋቾች ለማስታወሻ የሰጡኝን ቡና በክብሪት ቀፎ ይዤ ነበር። ፈታሹ ቀፎውን ከፈተና «ቡና ነው» አለ።

«ስድስት ፍሬ እኮ ነው» አልኩት።

«ስድስትም ቡና ነው።»

ቀጥሎ ደብተሬን ገለጠ። አነበበ፤ ፊቱ ተለወጠ። ደብተሩም ቡናውም በፖስታ ታሽገው ወደምኖርበት ቀበሌ ተላኩ። ሰኞ ጠዋት ተጠራሁ።

የቀበሌው ካድሬ ከእኔ ሁለት ክፍል ዝቅ ብሎ የተማረ ልጅ ነው። አሁን ግን እንደማያውቀኝ ሆኖ ያነባል። «ሸሪፍ የገደለ ሦስት ነጥብ ያገኛል። ጓድ፣ ሸሪፍ ማነው?»

«የአሜሪካ የገጠር ፖሊስ ነው» አልኩ። አሜሪካ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ምላሴን በነከስኩት ብዬ ተመኘሁ።

«እኛ የምናውቀው ሸሪፍ አንድ ነው» አለና ወደ በሩ ጮኸ። አንዱ አብዮት ጠባቂ ከጓሮው ክፍል አንድ ሽማግሌ ይዞ ገባ። በቾ ቦሬ ሰፈር ዣንጥላ የሚጠግኑ፣ ሰው ሁሉ በአክብሮት «ሸሪፍ» የሚላቸው አባት ናቸው። ከንጋት ጀምሮ እዚያ አስቀምጠዋቸዋል፤ ለምን እንደመጡ እንኳ የነገራቸው የለም።

«አንተ፣ ይህችን ሴት ታውቃታለህ?» ሲል ጠየቀ ካድሬው።

አንተ አላቸው! አባቱ የሚሆኑትን ሰው! እሳቸው ግን ረጋ ብለው «ኤዬ፣ አውቃታለሁ፤ ዣንጥላዋን ጠግኛለሁ» አሉ።

የካድሬው አስተሳሰብ እንዲህ ነበር። የጊንጆው ገጽ ሸሪፍ ይገደል ይላል፤ ስለዚህ ሴራ አለ። የአጋሮው ገጽ ሸሪፍ አይነካም ይላል፤ ስለዚህ ሕቡዕ ድርጅት አለ፣ መሪውም ሸሪፍ ነው። ሽማግሌው በአንድ ደብተር ተገዳይም መሪም ሆነው አረፉት። ፋይሉ ከሰዓት በኋላ ከሰውየው ጋር ከቀበሌው በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ከፍተኛ፣ እንደሚተላለፍ ነገረኝ። በዚያ ዘመን ወደ ከፍተኛ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። «ጨዋታ ነው! የልጅ ጨዋታ! እሳቸው ምን ያውቃሉ?»

«ጨዋታ ከሆነ» አለ ካድሬው፣ «አጫውቺን።»

ማስረጃ ተብሎ የታሸገው ቡና ከፖስታው ወጣ። ካድሬውና ሁለቱ አብዮት ጠባቂዎች ካቦይ ሆኑ፤ እኔ ተራኪ። በአጋሮው ሕግ ልጀምር ስል ካድሬው ደብተሩን ነጥቆ ገጹን ገለበጠና «የጊንጆው ይሻላል» አለ። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ስለ በረሃና ስለ አቧራ አወራሁ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፋይሉን ረሱት። ጠመንጃቸውን ግድግዳ አስደግፈው ቡናውን እየተሻሙ ይጥላሉ። ካድሬው የመጠጥ ቤቱን አሳላፊ ገደለ። የገዛ ጓዱን ፈረስ ገደለ። ምንም ያልጠየቀውን ፒያኖ መቺ ገደለ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ መጥፎ ተጫዋች አላየሁም። በመጨረሻ ሸሪፉ በር ላይ ቆመ አልኩ፤ ሌላ የምለው አልቆብኝ ነበር። ቡናውን ጣለ። ስድስቱም ወደ ላይ።

«ገደልኩት!» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ። የፋይሉ ሽፋን ላይ በትልቁ «3» ብሎ ጻፈ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ከአግዳሚው ተነሱ። «ማሎ፣ እባክህ ልጄ» አሉ፣ «ከሞትኩ እንግዲህ ወደ ቤቴ ልሂድ?»

አብዮት ጠባቂዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ካድሬውም እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እየሳቀም በእጁ ወደ በሩ አሳየና «ሂድ፣ ሂድ» አላቸው፣ አሁንም አንተ እያለ። ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ደብተሬን «ለጥናት» ብሎ አስቀረው፤ አልመለሰልኝም። እኔንም አሰናበተኝ።

ሰው የሚስቀው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ክፍል ግን «እኚህ ሰው ምን አጠፉ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ሽማግሌው ጥፋት የለባቸውም ተብለው አልተለቀቁም፤ ሞተዋል ተብለው ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት።