እርሳሴን የጣሉብኝ ሴትዮ

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ደደብ ተብዬ ከትምህርት ቤት ተባረርኩ። ደደብ አልነበርኩም፤ ተመርዤ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም። ስለ እትዬ አመለወርቅ ለመናገር ግን ከዚህ መጀመር ግድ ነው።

ባለፈው ሰሞን ቡላኦስ ገበያ ውስጥ ሳልፍ አንዲት ሴት የሱቋን ደጃፍ ከመጥረጓ በፊት ውኃ ስትረጭበት አየሁ። የጋለ አፈር ውኃ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ባለሁበት ቆምኩ። እትዬ አመለወርቅ በደረቁ ጠርገው አያውቁም ነበር።

የምንኖረው ከአገር ውጭ፣ በዚህች ፈረንሳይኛ በሚነገርባት የወደብ ከተማ፣ አምቡሊ በሚባል ሰፈር፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር ባለ የኪራይ ግቢ ውስጥ ነበር። እናቴ ሞታ ያሳደገኝ አጎቴ ደምሴ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ወገቡ ሲከዳው መሪውን ተወና የቀድሞ ጓደኞቹ የሚጥሉለትን አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ ውስጡን ማቅለጥ ያዘ። የቀለጠውን በቆርቆሮ ቅርጽ እያፈሰሰ ለዓሣ አጥማጆች የመረብ ማስመጫ ይሠራል። ጭሱ ጉሮሮ ይከረክራል፤ አፍ ውስጥ ሳንቲም የመጥባት ጣዕም ይተዋል። ግራጫውን አመድ በእጄ እየዛቅሁ የምደፋው እኔ ነበርኩ። ቀልጦ የቀዘቀዘው ቁራጭ ለስላሳ ስለሆነ ግድግዳ ላይ ይጽፋል። ከአየር ማረፊያው የሚነሣውን አውሮፕላን ሁሉ በእሱ ሥዬዋለሁ። ከዚያ በዚያው እጄ ዳቦ እበላለሁ። ማን ታጠብ ይለኛል?

ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር፤ ወስፋት ነው ተባለ። ክፍል ውስጥ ትናንት ያወቅሁት ፊደል ዛሬ እንደ እንግዳ ሰው ያየኛል። አስተማሪው ሲጠይቀኝ የጣራውን ቆርቆሮ አያለሁ።

እትዬ አመለወርቅ ጎረቤታችን ነበሩ። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ የፈረንጆች ቤት እያደሩ ያበስላሉ፤ ወደ ክፍላቸው የሚመጡት በዕረፍት ቀናቸው፣ ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። እሳቸው ከበሩ ሳይገቡ ድምፃቸው ይገባል። አንድ ዓርብ ግን ሰላምታም አልነበረም።

“ና አንተ! እርሳስህን አምጣ!”

ጫፉን አኝኬ የጨረስኩትን ቢጫ እርሳሴን ነጠቁኝና ሰብረው ሽንት ቤት ጣሉት። ለካ እመቤታቸው የአሮጌ በር ቀለም ሲያስፍቁ ልጆቻቸውን “ፕሎም! ፕሎም!” እያሉ አባርረው ኖሯል። እትዬ ነገሩ ገርሟቸው ዘበኛውን ቢጠይቁት፣ “እርሳስ ማለት ነው፤ ሕፃን ከቀመሰው አእምሮውን ያደነዝዛል” አላቸው።

“ይኸው!” አሉ ለግቢው ሰው። “ይህ ልጅ እርሳስ እየበላ ነው የደነዘዘው!”

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቀው አጎቴ ነው። “እንግዲያው የተማረ ሰው ሁሉ አብዷል በሉኛ፣ እትዬ! እርሳስ ሲያኝክ አይደል የተማረው?”

ያለ እርሳስ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አስተማሪው “እርሳስህስ?” አለኝ። “መርዝ ነው ተብሎ ተጣለ” አልኩት። ክፍሉ ጮኸ። “ይህ ደደብ ሌላውንም ያደድብብናል” ብሎ አስወጣኝ፤ በዚያው ቀረሁ። አጎቴም አልተከራከረም። “እጅ አለው፣ ይሥራ” አለና እሳቱ ዳር አቆመኝ።

እትዬ አመለወርቅ በቀጣዩ ዓርብ ሲመጡ ብረት ድስቱን ሳማስል አገኙኝ።

“ደምሴ፣ ልጁን የምታስማስለው ምንድን ነው?”

“እርሳስ ነዋ፣ እትዬ! ቅቤ መሰለዎት እንዴ?”

በራሱ ቀልድ ሳቀ። እሳቸው ግን የባትሪ ቅርፊት ላይ ቁጭ አሉ። “ወይኔ አመለወርቅ” አሉ በቀስታ። “የልጁን እርሳስ ጥዬ ያንተን እርሳስ ተውኩልህ!”

ክንዴን ይዘው ሆስፒታል ወሰዱኝ። ደሜ ተመረመረ፤ እውነትም በእርሳስ ተመርዣለሁ። ከዚያ ወዲያ እዚያው እንዳድር ክፍላቸውን ከፍተው አስገቡኝ። ዓርብ ዓርብ የእርሳሱ አቧራ እንዳይነሣ ግቢውን ውኃ ረጭተው ይጠርጋሉ፤ አውሮፕላኖቼን በእርጥብ ጨርቅ ከግድግዳው አበሱ፤ ልጁን ሁሉ አሰልፈው ዳቦ ከመስጠታቸው በፊት እጁን በሳሙና ያሹታል። ከባድ መኪኖቹ የሚቆሙበት ድረስ እየሄዱም ሾፌሮቹን፣ “ለደምሴ ባትሪ የሚሰጥ የልጅ ገዳይ ነው” ይሏቸው ነበር። አጎቴ “ሴትዮዋ እንጀራዬን ዘጋችው” እያለ ተራገመ። ከወራት በኋላ እጁ አንጓው ላይ ዝሎ ወደቀ፤ ሲኒ ማንሣት አቃተው። ያኔ አመነ። እሳቱን ያጠፋው ራሱ ነው።

ትምህርት ቤቱ ግን አልመለሰኝም። እትዬ አመለወርቅ ጠቅልለው አገራቸው የገቡ ዕለት አንድ ፓኮ እርሳስ በሆስፒታሉ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። “የጣልኩብህ አንድ ነበር፤ ይኸው ዐሥራ ሁለት። ደደብ አይደለህም። ወረቀቱን ራስህ ታነበዋለህ።”

አነበብኩት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ እንጂ። አማርኛ ማንበብ ዓርብ ዓርብ ከከባድ መኪና ሾፌሮቹ ተማርኩ፤ ፈረንሳይኛውን ፊደል በፊደል ለቀምኩ። ከወረቀቱ መጀመሪያ የለየሁት ቃል ያ “ፕሎም” የሚሉት ነው። መጨረሻው ላይ የሚጻፍ ግን የማይሰማ አንድ ፊደል አለው። እንደ ራሱ እንደ መርዙ።

ወረቀቱን ይዤ የድሮው ግቢያችን ሄድኩ። አዲስ ተከራዮች ገብተዋል፤ ልጆቻቸው እሳቱ በነበረበት ቦታ አፈር እያቦኩ ዳቦ ይጋግራሉ። ከዚያ አፈሩ ተዝቆ እንዲወጣ ለማመልከት ወደ ሰፈሩ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መመላለስ ጀመርኩ። ጸሐፊው “ወረቀቱ አርጅቷል” እያለ ሦስት ጊዜ መለሰኝ። በአራተኛው የግቢውን አፈር በላስቲክ ቋጥሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

“ቅመሰው” አልኩት በፈረንሳይኛ።

“አብደሃል?”

“እንግዲያው ልጆቹም አይቅመሱት።”

አፈሩን ላከው፤ ተመረመረ። የአቤቱታውን ቅጽ ሲያቀርብልኝ እጄን አየና “አሻራ ወይስ ፊርማ?” አለኝ። ከእትዬ አመለወርቅ እርሳሶች የመጨረሻውን ከኪሴ አወጣሁ። “በእርሳስ አይሆንም” አለና እስክሪብቶ ሰጠኝ። ሙሉ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጻፍኩ።

ቆፋሪዎቹ መጥተው በደረቁ ሊዝቁት ሲሉ ጮህኩባቸው። መጀመሪያ ውኃ ተረጨ። ሽታው ሲነሣ ልጆቹን ከእናቶቻቸው ጋር ከአጥሩ ውጭ አቆምኳቸው።

አፈሩ ተጭኖ የወጣው ማክሰኞ፣ ጥር 18 ቀን ነው።