ከበሬዎቹ ጋር የቀረው ቋንቋ

ልጄ ውሃን በሦስት ቋንቋ ትጠራለች፤ ሄደሽ ቅጂ ስትባል ግን በአንዱም አትሰማም። ጭልጋ ውስጥ፣ አብረነው ከምንኖርበት ከአባቴ ቤት ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ እሷ ደግሞ ሁለተኛ ክፍል ናት። አማርኛ ትማራለች፣ እንግሊዝኛ ትማራለች፣ ቅማንትኛም ትማራለች። ቅማንትኛው በትምህርት ቤቱ አጠራር "የአፍ መፍቻ ቋንቋ" ነው። ይህን ስሰማ ሳቄ ይመጣል፤ ዛሬ በኛ ቤት ካለነው አፉን በቅማንትኛ የፈታው አባቴ ብቻ ነው።

እናትና አባቴ ቅማንትኛ የሚነጋገሩት እኛ ልጆቹ እንዳንሰማ ነበር። እንግዳ ሊመጣ ሲል፣ ዶሮ ሊታረድ ሲል፣ የጎረቤት ልጅ ልትዳር ሲል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደዚያ ቋንቋ ይገባሉ። ቃሉ ባይገባንም ዶሮዋን ከእናቴ ፊት ላይ እናውቃት ነበር። ለምን አላስተማራችሁንም ስለው የአባቴ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ተማሪ ቤት ሳለሁ አፌን በከፈትሁ ቁጥር ይስቁብኝ ነበር። በእናንተ ማንም እንዳይስቅ ብዬ ነው።"

እውነትም ማንም አልሳቀብኝም። ጎንደር ከተማ መምህርነት ስማር፣ ከጓደኞቼ ጋር ፒያሳን ስዞር፣ አንደበቴ ከየት እንደመጣሁ አላሳበቀም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

እናቴ ስታርፍ አባቴ የሚያወራው ሰው አጣ። በአማርኛ እንደ ወትሮው ይጫወታል፣ ይቀልዳል፤ ያ የሁለቱ ቋንቋ ግን ከቤት ወጣ። የቀረው በረት ውስጥ ነው። ሲመሽ በሬዎቹን እያስገባ፣ ድምፁን እንደ ድሮው ዝቅ አድርጎ ሲያወራቸው እሰማዋለሁ። ያኔ እናቴ ትናፍቀኛለች።

አንድ ቀን ልጄ የቅማንትኛ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። የልጅ ልጅና አያት ሰላምታ የሚለዋወጡበት ምንባብ ነው፤ ቤት ካለ ትልቅ ሰው ጋር በየተራ ማንበብ አለባት። በደስታ እየሮጠች ወደ አያቷ ሄደች።

"እኔ ከመጽሐፍ ጋር አልነጋገርም። ደግሞስ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ብሎ ሸኛት።

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ስትመለስ ተናደድሁ።

"ምነው አባባ፣ ለበሬ የምትናገረውን የልጅ ልጅህን ትነፍጋታለህ?" አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። "በሬ ተማሪ ቤት አይሄድም። ማን ይስቅበታል?" አለኝ።

ዘመኑ ተለውጧል፣ ዛሬ ቋንቋው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል ልለው እችል ነበር። እሱ ግን ያን የድሮ ሳቅ አሁንም ይሰማዋል፤ ለዚያ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ልጄ እንደ እኔ እንደ እናቷ ቶሎ እጅ አትሰጥም። አመሻሽ ላይ መጽሐፏን አቅፋ ወደ በረቱ ገባች። ተከትያት ስደርስ አባቴ ጭድ ታቅፎ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ በዓይኑ ዝም አሰኘኝ። ልጄ ከትልቁ በሬ ፊት ቆማ የልጅ ልጅን ተራ እያነበበችለት ነው። ጨረሰችና መልሱን ጠበቀች። በሬው ያመሰኳል። ደግማ አነበበችለት፤ ደግማ ጠበቀች።

አባቴ ያኔ መለሰላት። የአያትን ተራ መጽሐፍ ሳያይ፣ እናቴን ያወራበት በነበረው ድምፅ ተናገረው። ከዚያም መጽሐፉ ላይ የሌለ ብዙ ነገር ጨመረበት። ግማሹ እንዳልገባት ፊቷ ያስታውቃል፤ በቻለችው መጠን ግን መለሰችለት። ተሳሳተች መሰለኝ፣ እሱ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች።

"ሸጋ ነው፤ በይ ድገሚው" አላት።

ጭዱን አነጠፈና ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀጠሉ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ደስታም ቅናትም ያዘኝ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና በዚያው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲነጋገሩበት ሰምቻለሁ፤ ለኔ ብሎ ሲናገረኝ ግን የመጀመሪያው ነበር። አልገባኝም። ወደ ልጄ ዞርሁ።

"ነይ አጠገቤ ተቀመጪ ነው የሚልሽ" አለችኝ።