መፋቂያው ከአፉ ሳይወጣ

ባለቤቴ ዕድሜውን በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ወጥቶ አዋሽ ከተቀመጥን በኋላ መንጋጋው እምቢ ይለው ጀመር። ዝም ሲል ደህና ነው፤ ሊናገር ሲል ግን አገጩ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ከንፈሩ ይጣመማል፣ ቃሉ አፉ ውስጥ ይቀራል።

ጥርስ ነው ብለን አንድ መንጋጋ ጥርስ አስነቀልን፤ ለውጥ የለም። ጎረቤት ጂን ነው አለ። የድሮ የሥራ ጓደኛው ጋራዥ ደጃፍ ላይ፣ «ምነው፣ ማርሽ አልገባ አለህ?» ሲለው አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋራዥ መሄድ ተወ።

ሰመራ የምትሠራው የመጨረሻዋ ልጃችን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ብዙ ካናገረው በኋላ፣ «አባባ፣ ስትሮክ አይደለም። አንጎል ለመንጋጋ የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ተዛብቶ ነው» አለው። ጡንቻውን የሚያላላ መርፌ አዲስ አበባ አለ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው።

የልጅቷ ኒካሕ ቀን ደግሞ ተቆርጧል። በኒካሕ ላይ አባት ልጁን የሚሰጠው በአንደበቱ ነው፤ ካልሆነለት ሌላ ሰው ይወክላል። ታናሽ ወንድሙ፣ «እኔ ወኪልህ ልሁን» ቢለው በእጁ ከለከለው። የመጨረሻ ልጁ ናት። እህቶቿን ሁሉ ራሱ ነው የዳረ።

አንድ ጠዋት እንደ አገሩ ወንዶች መፋቂያውን በአፉ ጥግ ይዞ፣ «ሻዩ ቀዝቅዟል» አለኝ። ቃሉ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«እስቲ ድገመው» አልኩት።

«ቀዝቅዟል አልኩሽ! ደነቆርሽ እንዴ?»

መፋቂያውን ሲያወጣው አገጩ ሄደ። ሲመልሰው ተስተካከለ። ተያየን።

«በሽማግሌ ፊት እንጨት በአፍ ይዞ?» አለ። ለኒካሑ ሰመራ ስንሄድ ግን አዲስ መፋቂያ ቆርጬ ኪሱ ከተትኩ።

የኒካሑ ዕለት እኔና ልጄ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጠናል። የባለቤቴ ተራ ደረሰ። ከዚያ የሙሽራው አጎት፣ «አማች፣ ምሳ ሳይቀርብ ጥርስ ይፋቃል እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። መፋቂያውን ከኪሱ አውጥቶ በአፉ እንደያዘው ገባኝ።

ሼሁ አልሳቁም። «መፋቂያ የነቢያችን ሱና ነው። ከነመፋቂያህ ተናገር፣ ወንድሜ» አሉት።

«ልጄን ድሬልሃለሁ» አለ ባለቤቴ። አንዱም ቃል አልተሰበረም።

ልጄ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ጥቂት አቆየሁላትና፣ ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ተነሣሁ።