የሰው መልስ የማይደግመው ተማሪ

ስምንተኛ ክፍልን ቢቸና ስማር እንግሊዝኛ የያዘንን ሰውዬ አስተማሪ ነበር ማለት ይከብደኛል። አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። የክራባቱ ቋጠሮ ዓመት ሙሉ አይፈታም፤ በአናቱ አጥልቆ በአናቱ ያወልቀዋል። እውቀቱ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ነበር። "ለምን?" ያለው ተማሪ አርጩሜ ይቀምሳል።

በዚያ ዓመት መስተዋድድ አስተማርኩ ይል ነበር። በእኛ ቋንቋ አንዲት "በ" በእግር፣ በአውቶብስ፣ በጠዋት፣ በቢቸና እያለች ሁሉን ትችለዋለች። እንግሊዝኛ ግን ለየቦታው ሌላ ይሻል፤ ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ባይ። ሰውዬው ልዩነቱን አያስረዳም፤ ከየት አምጥቶ! "ወደ ደጀን በአውቶብስ ሄደ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ይጽፍና የ"በ"ን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ለሁላችንም በተራ ይጠይቃል። የመጀመሪያው "ባይ" ካለ እኛም ተከታትለን "ባይ" እንላለን። ይህን ማስተማር ይለዋል።

አጠገቤ የሚቀመጠው ከሞጣ ቅኔ ቤት የመጣ፣ በዕድሜ የሚበልጠን ተማሪ ነበር። ጥሎ ሲወጣ የኔታው አዝነውበታል፤ የሚኒስትሪን ፈተና ካላለፈ የሚመለስበት ፊት አልነበረውም። ከፊቱ ያለው ልጅ "ባይ" ሲል እሱ ተነስቶ "ኦን" ይላል፤ ይገረፋል። በማግስቱ ከመዝገበ ቃላት ማንም ያልሰማውን መስተዋድድ ለቅሞ ይመጣል፤ ደግሞ ይገረፋል።

በቅኔ ቤት ሌላው ያለውን የደገመ ሌባ ነው። ተማሪ የራሱን፣ አዲሱን ይዞ መቅረብ አለበት። ጓደኛዬም የሚገረፈው ያመጣው ቃል ስላላማረ መስሎት ነበር። ጥያቄው ከሱ ሲጀምር አንድም ቀን ስቶ አያውቅም፤ ያ ደንቆሮ ግን ይህን እንኳ ልብ አላለም።

እኔ የቅኔ መምህር ልጅ ነኝ፤ ነገሩ ከመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል። "እዚህ መድገም ነውር አይደለም" ብለው ይበቃ ነበር። ግን በሂሳብም በሌላውም ይበልጠኛል፤ አርጩሜው ሲያርፍበት ደስ ይለኝ ነበር።

የሚኒስትሪ ተፈታኞች ስም ሲነበብ፣ ሰውዬው በእንግሊዝኛ ስለጣለው የሱ አልተጠራም። ሰውዬው "የሰማውን መድገም ያቃተው ድንጋይ ምን ብሎ ይፈተናል!" ብሎ ሳቀ። ያን ጊዜ ጓደኛዬ ዞር ብሎ አየኝ። መጻሕፍቱን ሰብስቦ ወጣና በር ላይ ጠበቀኝ።

"አንተ የመምህር ልጅ ነህ፤ ሁለቱንም ቤት ታውቃለህ" አለኝ። "እዚህ የሚፈለገው መድገም መሆኑን ምነው ሳትነግረኝ?"

"መች ጠየቅኸኝ?" አልኩት።

ወደ ሞጣ አልተመለሰም፤ የደጀንን መንገድ ይዞ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

እኔ አንደኛ ወጥቼ አለፍኩ። ያንን አስተማሪ እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። እሱስ ባያውቅ ነው፤ እኔ ግን አውቅ ነበር።