የተቃጠለ አየር ለቲማቲም

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ቲማቲም አበቅላለሁ ስል ሰው ይስቃል። የግቢያችን መግቢያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። እኔ ግን ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ አርፌ መቀመጥ አልችልበትም። ከግድግዳዬ አስጠግቼ አልጋ የምታክል የፕላስቲክ ቤት ሠራሁና ስምንት ችግኝ ተከልኩ።

ተክል ከምናስወጣው የተቃጠለ አየር ምግቡን እንደሚሠራ ዕድሜ ልኬን አስተምሬአለሁ። በትልልቅ የአትክልት ቤቶች ይህንኑ አየር ሆን ብለው ይጨምራሉ። እኔ ከየት ላምጣ? ሳሰላስል የጎረቤቴ ጠላ ትዝ አለኝ። ጠላ ሲፈላ የሚያወጣው ያንኑ አየር ነው!

ጎረቤቴ ታላቅ እህቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወር ሊሞላ ነበር፤ ለአርባቸው ተዝካር ጠላ ጠምቀዋል። ቤታቸው በለቀስተኛ ስለተጣበበ፣ "እትዬ፣ ጋኑን እኔ ጋ ላስቀምጥልዎት?" ስላቸው መረቁኝ።

"አፉን ግን እንዳትነካው" አሉ፣ የመረጉትን ጭቃ እያሳዩኝ።

ነካሁት። ጋኑን ያስቀመጥኩት ፕላስቲክ ቤቱ ውስጥ ነው፤ አየሩ ካልወጣ ለቲማቲሙ ምን ይፈይዳል? ጠዋት ጠዋት ጭቃውን ፈልፍዬ እከፍታለሁ። ጧፍ አብርቼ ወደ ጋኑ አፍ ሳስጠጋው እልም ይላል፤ ብቻዬን እስቃለሁ። ቲማቲሙ በሳምንት ተመዘዘ። ከዚያ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ።

ሁለት ቀን ግራ ተጋባሁ። በኋላ ገባኝ፤ አየሩ ሲበዛለት ዕድገቱ ፈጠነ፣ ሲፈጥን ከአፈሩ የሚፈልገው ምግብ ጨመረ፣ የእኔ አፈር ደግሞ ምንም የለውም። ጥቂት ማዳበሪያ በውሃ በጥብጬ አጠጣሁ። ቢጫዎቹ አልዳኑም፤ አዲሶቹ ግን ጥቁር አረንጓዴ ሆነው ወጡ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ሁሉን በደብተር ጻፍኩ፤ ስለ ጠላው ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም።

በተዝካሩ ዋዜማ እትዬ ቀድተው ቀመሱ። ሙቀቱና የተከፈተው አፍ ጠላውን ኮምጣጤ አድርገውታል።

"ከፍተኸዋል?"

"ከፍቼዋለሁ።" ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቆሙኝ። ሌላ ለመጥመቅ ጊዜ አልነበረም።

በማግስቱ ማንቆርቆሪያውን አስያዙኝ። "አንተው ቅዳ" አሉ። ቀዳሁ። እንግዳው አንዴ ይጎነጫል፣ ፊቱ እንዳይጨማደድ ይታገላል፣ "ነፍስ ይማር" ብሎ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። በእያንዳንዱ ፊት አፈርኩ። እትዬ ከተቀመጡበት ስደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለነፍሱ የጠመቅሁትን ቲማቲምህ ጠጣው" አሉኝ።

በዓይናቸው ያልተቀዳለትን እንግዳ አሳዩኝ፤ ሄጄ ቀዳሁ።