አልባሴያ የሚለው ቃል

ሮም ከተማ፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ውስጥ ጡረታ የወጡ አንዲት ስፔናዊት መምህርት ቤት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ልጅ የላቸውም። ዓይናቸው ስለደከመ ምግባቸውን ከማብሰል ሌላ ደብዳቤያቸውንም የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ስፔንኛ ባልችልም ፊደሉን እንደ ጣልያንኛ እያነበብኩ እወጣዋለሁ፤ ስሳሳት ያርሙኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ውል ከሚያጸድቀው ሰው፣ ከኖታዮው ዘንድ፣ በስፔንኛ የተጻፈ የኑዛዜያቸው ረቂቅ መጣ። ሳነብላቸው መሀል ላይ የራሴን ስም አገኘሁት። አጠገቡ «አልባሴያ» ይላል።

«ሠራተኛ ማለት ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ስሞት ኑዛዜዬን የምታስፈጽሚው አንቺ ነሽ ማለት ነው።»

ደነገጥኩ። «ሲኞራ፣ እኔ ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ ለፔርሜሶዬ እንኳ ሰው ይዤ ነው ቢሮ የምገባው። ወንድምዎ አሉ አይደል?»

«ከሱ ጋር ከተነጋገርን ስንት ዘመናችን! አሎራ፣ እንግዲህ ቃሉን ላስረዳሽ።» ማስተማር ሲጀምሩ ድምፃቸው ይታደሳል። ስፔኖች ከዓረቦች የወሰዱት ነው አሉኝ። «ወሲያ» ኑዛዜ ነው። አስፈጻሚው በፊት «ሳሂብ አል-ወሲያ»፣ የኑዛዜው ባለቤት፣ ይባል ነበር። ቆይቶ «ሳሂብ» ተቆርጦ ቀረና ሰውየው በኑዛዜው ስም ይጠራ ጀመር።

ወሲያን አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ጎረቤታችን የነበሩ ሙስሊም አባት፣ ሊሞቱ ሲሉ ልጆቻቸውን ሰብስበው «ወሲያዬ ይኸው ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን ስነግራቸው እጄን ያዙኝ።

«አየሽ፣ ቃሉን ቀድመሽኝ ታውቂዋለሽ።»

ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት አቃተኝ።

በክረምቱ አረፉ። ወንድማቸው ጋ ደወልኩ፤ በማግስቱ መጡ። ሸምግለዋል። በር ላይ ቆመው «አንቺ ማነሽ?» አሉኝ በጣልያንኛ።

«አልባሴያ ነኝ።»

ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን ገብተው ተቀመጡ። ኑዛዜውን አነበብኩላቸው። መጻሕፍቱ ለአንድ ትምህርት ቤት፣ በልጅነታቸው ባሕር ዳርቻ ላይ አብረው የተነሡት ፎቶ ለወንድማቸው ይላል።

«ሌላ ስለ እኔ ያለችው የለም?»

ልዋሽ አሰብኩ፤ አልሆነልኝም። «ክፉም ደግም ሲናገሩ አልሰማሁም። ስልክ ቁጥርዎን ግን አልጋቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፈውት ነበር። የደወልኩትም ከዚያ አይቼ ነው።»

መኝታ ቤት ገብተው ወረቀቷን ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ይዘዋት መሄድ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁኝ። ኑዛዜው ውስጥ አልተጻፈችም። ትንሽ አሰብኩና በጥፍሬ ልጬ ሰጠኋቸው። አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቷት። ኮታቸውን አወለቁ፤ እስኪመሽ ድረስ መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ስናሽግ ዋልን።