መልሼ የቀበርኩት ሰው

ይህን እስከ ዘንድሮ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህን ስዘለው ኖሬያለሁ። እናንተ ግን ስሙኝ። የሰው አፅም አግኝቼ፣ እያወቅሁ፣ አፈር መልሼበታለሁ።

ያኔ የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ከአትላንታ ተነስተን አልባኒያ ሄድን፤ ኢሊርያውያን የሚባሉ የጥንት ሰዎችን መቃብር ልንቆፍር። መቃብሮቹ ከአንዲት ትንሽ የተራራ መንደር በላይ ናቸው። እኔ መንደሯ ውስጥ አንዲት አሮጊት ቤት አረፍኩ፤ ድሪታ ይባላሉ። አልጋቸውን ለቀቁልኝ፣ እንደ ልጃቸው አበሉኝ፣ እኔም እማማ አልኳቸው። እንግሊዝኛ የምትችለው ምራታቸው እየተረጎመችልን ታሪካቸውን ነገሩኝ። ወንድማቸውን በድሮው መንግሥት ጊዜ ድንበር ሊሻገር ሲል ወታደሮች ገደሉት፤ ሬሳውን ግን አልሰጧቸውም። እዚያው ተራራ ላይ የሆነ ቦታ ጥለውታል ይባላል። ስለዚህ ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር "ዛሬስ ምን አገኛችሁ?" ይሉኛል።

አንድ ቀን ብቻዬን መቃብሩ ጥግ ስቆፍር ዚፕ አገኘሁ። የጃኬት ዚፕ! የጥንት ሰው ደግሞ ምን ዚፕ ያውቃል? ትንሽ ስጠርግ የላስቲክ ጫማ፣ ጫማው ውስጥ የእግር አጥንት። ወዲያው ገባኝ። ታዲያ ምን አደረግሁ? እማማ ድሪታ ጋ ሮጥኩ? አልሮጥኩም። ሪፖርት ባደርግ ፖሊስ ይመጣል፣ ቁፋሮው ይቆማል፣ ዲግሪዬ ይዘገያል ብዬ አሰብኩ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አፈሩን መለስኩበት፤ እንዳይታወቅብኝም በእግሬ ረገጥኩት። ለአለቃዬ "እዚህ ጋ ድንጋይ ብቻ ነው" አልኩት። እማማ ድሪታ ሲጠይቁኝ "ምንም" አልኳቸው። ከዚያ ቁጭ ብዬ ያቀረቡልኝን እራት በላሁ። አፈር ብበላ ይሻለኝ ነበር!

ደግሞ ከሰው ሁሉ እኔ! የእናቴ ወንድም በደርግ ጊዜ ከቤት ተወስዶ የት እንደወደቀ ሳይታወቅ ቀርቷል። እኔ እሷ ስታለቅስ እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። አላወቅሁም ልበል? ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ?

ዘንድሮ እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ታከር ውስጥ ጎረቤታችንን ቀብረን ስንመለስ፣ እናቴ መኪና ውስጥ "ታድላ፣ እሷስ መቃብር አላት" አለች። መንዳት አቃተኝ። አንድ ሱቅ በር ላይ ፓርክ አደረግኩና ሁሉንም አፍረጥርጬ ነገርኳት። ትረግመኛለች ብዬ ስጠብቅ፣

"ሴትዮዋ በሕይወት አሉ?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"አላውቅም ይባላል? ደውዪ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!"

ደወልኩ። ምራታቸው አነሳች። እማማ ድሪታ በሕይወት አሉ! እየተንተባተብኩ ተናዘዝኩ፤ እሷም እያለቀሰች ተረጎመችላቸው። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አልደፈርኩም።

"እሱ ላይሆን ይችላል እኮ፣ እማማ" አልኳቸው።

"እሱ ባይሆንም የሰው ወንድም ነው" አሉኝ። "ቶሎ ነይ፤ አርጅቻለሁ።"

ለዚያ አገር ፖሊስም ለድሮ አለቃዬም ያደረግሁትን ተናግሬያለሁ። አፅሙን ለማውጣት ፈቃድ ተገኝቷል። ቦታውን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ትኬት ቆርጫለሁ፤ እናቴም "ለሴትዮዋ አብሬ አለቅስላቸዋለሁ" ብላ ፓስፖርቷን አሳድሳለች። ልቤ ከስንት ጊዜ በኋላ ቀለል ብሎታል፤ ይህንንም ስናገር አፍራለሁ። እናንተም ገና ይቅር አትበሉኝ። መጀመሪያ ሄጄ አፈሩን ላንሳለት።